ዐሥር ሰዓት ላይ የተገኘው የፍርድ ድንጋይ

አንድ ድንጋይ ታሪካዊ የሚሆነው መቼ ይመስላችኋል? አዋቂዎችን ብትጠይቁ አንዱ መቶ ዓመት ሲሞላው ነው ይላችኋል፤ ሌላው ትልቅ ሰው ተቀምጦበት ሲነሣ፣ ሌላው ደግሞ ደም ሲፈስበት። ሁሉም የየራሱ መጽሐፍ አለውና አልከራከራቸውም። እኔ ግን ከሥራ ልምዴ የማውቀውን ልንገራችሁ። ድንጋይ ታሪካዊ የሚሆነው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ሪፖርት የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነዋ።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ቀልድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አንገቴን ደፍቼ ባልጻፍኩት።

ጂንካ ተወልጄ ጂንካ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። በልጅነቴ አንድ ክረምት የአባቴን ዘመዶች ልንጠይቅ ሄደን አክስቴ «እናንተ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷ እንኳ ከጓሮዋ አለፍ ብሎ ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን አለላት፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የፈራረሰ ግንብ። እኔ «አንበሳ» አልኳት። አንበሳ አይቼ አላውቅም። «ሌላስ?» አለች። «ፈረንጆች በመኪና እየመጡ የሚያዩዋቸው ሰዎች አሉ» አልኳት። አክስቴ የምትፈትለውን ጥጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝና «ሰው ደግሞ ምኑ ይታያል?» አለች።

ያን ቀን ያፈርኩት ግንብ ስለሌለን ነበር፤ እውነተኛ ማፈሪያዬ ገና አልመጣም ነበር።

ጂንካን ለማታውቋት፣ ቱሪስት ሲመጣ የሚያድርባት እንጂ የሚያያት ከተማ አይደለችም። በትልልቅ መኪና አቧራ ለብሶ ይገባል፤ ይታጠባል፤ ይተኛል፤ ማለዳ ወደ ማጎ ወይም ወደ ሐመር አገር ይነሣል። እኛ የከተማው ሰዎች ለእሱ መታጠቢያ ቤት ነን። ከከተማው በላይ ያሉት የአሪ ተራሮች ደግሞ ጭራሽ ዞር ብሎ የሚያያቸው የላቸውም። እንሰታቸው ያምራል፤ ጭጋጋቸው ያምራል፤ ነገር ግን እንሰትና ጭጋግ ፎቶ ላይ ከሌላ አገር እንሰትና ጭጋግ አይለይም። እኔ ታዲያ ተምሬ መጥቼ የተቀጠርኩት ይህን እንዳስተካክል ነው። ማዕረጌ «የቅርስና መስህብ ጥናት ባለሙያ» ይባል ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግድግዳው አይደለም።

ከዐሥር ምናምን ዓመት በፊት ነው። ከበላይ አንድ ቅጽ መጣ። በቀበሌዎቹ ልክ ተራ በተራ የተሰመረ ሰንጠረዥ ነው፤ የመስህቡ ስም፣ ዕድሜው፣ ታሪካዊ ፋይዳው፣ ምርመራ። ሁሉንም እንደምንም ሞላሁ። አንዱ ፏፏቴ አለው፤ ሌላው ዋሻ አለው፤ ዋሻ የሌለው ዋሻ የሚመስል ነገር አለው። ከጂንካ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ያለች አንዲት ቀበሌ ብቻ ባዶ ቀረች።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ድክመቱ አንድ ብቻ ነው፤ ባዶ ሣጥን ሲያይ ዐይኑን ያመዋል። እርሳሱን ባዶዋ ቦታ ላይ አቁሞ፣

«እህቴ፣ ይቺ ለምን ባዶ ሆነች?» አለኝ።

«መስህብ ስለሌላት ነው።»

«ሰው አይኖርባትም?»

«ይኖራል እንጂ።»

«ሰው ከኖረ ታሪክ አለ። ኢንፑት ኮሌክት አድርጊና እስከ ዐሥር ሰዓት ሙዪያት።»

«ሰው ከኖረ ታሪክ አለ» የሚለውን ተመልከቱልኝ። እስከ ዛሬ ስለ ሙያችን ከዚህ የተሻለ ንግግር አልሰማሁም። ችግሩ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሰዓት ነው።

ወደ ቀበሌዋ እንዳልወጣ መንገዱ በዝናብ ጨቅይቷል፤ መኪናችንም ሌላ ሥራ ላይ ናት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስልክ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው። በእግር ብሄድስ? በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የሸክላ ሻጮቹ ሴቶች በየቅዳሜው የሚመላለሱበት መንገድ። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን ባለሙያ ነኝ፤ ጫማዬም አዲስ ነበር።

በዚህ መሐል ከዓመት በፊት በዚያ መንገድ ሳልፍ በመኪናው መስኮት ያየሁት አንድ ድንጋይ ትዝ አለኝ። ዳገቱ መሐል ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ወገብ የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ ነው። አናቱ እንደ ገበታ የተስተካከለ፣ ሲያዩት የሚያብለጨልጭ። ለብዙ ዘመን ብዙ ነገር እንዳረፈበት ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ባለሙያ ስለሆንኩ «ምን አረፈበት?» ብዬ አልጠየቅሁም። «ማን ተቀመጠበት?» ብዬ ጠየቅሁ። የስሕተቴ ሥር እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት ታሪክ ሁሉ ትልቅ ሰው የተቀመጠበት ስለነበር፣ የተወለወለ ድንጋይ ሳይ የታየኝ የአንድ ትልቅ ሰው መቀመጫ ነው።

ለዚያውም የጠየቅሁት ራሴን ነው።

አሪዎች የጥንት ባላባታቸውን ባቢ ይሉታል። ይህን ያህል አውቅ ነበር፤ ለውሸት ደግሞ ይህ ይበቃል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የባቢው የፍርድ ድንጋይ። በጥንት ዘመን የአካባቢው ባቢ ተቀምጦ ለሕዝቡ ፍርድ ይሰጥበት እንደነበር ይባላል።» ዕድሜ በሚለው ሥር «እጅግ ረጅም» አልኩ። «ይባላል» የምትለዋን ቃል ሳትወዱ አትቀሩም፤ እኛ ቤት የማትሸፍነው ጉድ የለም። ማን ይላል? ማንም አይልም። እኔ አልኩ፣ ከዚያ ራሴን ሰማሁ፣ የሰማሁትን ጻፍኩ። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ቅጹ ሙሉ ሆነ፤ ኃላፊያችንም ዐይኑ ዳነ።

እናንተ እንደምታስቡት እኔም ነገሩ በዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። ስንት ሪፖርት ልከን ስንቱ መልስ አምጥቷል? ግን ውሸት ዕድለኛ ሲሆን እንዲህ ነው። ያቺ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣች፣ ከላይ ወዳለው ላይ ወጣች፣ ከዚያ ስትመለስ ብሮሸር ላይ ታትማ በቀለም መጣች። «ይባላል» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። «ፍርድ ይሰጥበት የነበረ» ይላል፣ አለቀ። ያቺን የወደቀች ቃል ሳይ ያልደነገጥኩ እንዳይመስላችሁ። ደንግጫለሁ። ግን ብሮሸሩ ያምር ነበር።

ቀጥሎ ድንጋዩ ይከበር ተባለ። የብረት ቋሚ ተተከለ፤ ሽቦ ተወጠረ፤ ዘበኛ ተቀጠረ፤ ሰሌዳ ተሠራ። የሰሌዳውን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔው ነኝ። አዲስ አበባ አንድ ሙዚየም ውስጥ ያየሁት ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝና ከታሪኩ ሥር «መቀመጥ፣ መደገፍና ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ማንም አላዘዘኝም። አምሮኝ ነው።

ምረቃው ላይ ድንኳን ተጣለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ጋሽ ዛብሎን የሚባሉ የቀበሌው ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ድንጋዩ እንዲናገሩ ተጋበዙ። «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም» ቢሉስ? ጋሽ ዛብሎን ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ባቢው በየትኛው ወገን ፊቱን አዙሮ ይቀመጥ እንደነበር፣ ከሳሽ በየት ተከሳሽ በየት ይቆሙ እንደነበር አንድ በአንድ ተናገሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ይባስ ብሎ ደስታ ያዘኝ፤ «እንግዲህ እውነት ኖሯል! ሳላውቀው ነው የደረስኩበት» አልኩ በልቤ። ሰው የራሱን ውሸት ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ምን ያህል እውነት እንደሚመስለው ያልደረሰበት አያውቀውም።

የዚያ ቀን ፎቶ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እንግዶቹ፣ ኃላፊያችንና እኔ ፊት ለፊት ቆመን ጥርሳችንን እናሳያለን። ከኋላ ሴቶች ይታያሉ። ቀኑ ቅዳሜ ነበርና ከነሸክማቸው ቆመዋል። ወደ ካሜራው የሚያይ ከመሐላቸው የለም። ሁሉም የሚያዩት ድንጋዩን ነው። ፎቶውን ለስንት ጊዜ ሳሳይ ኖሬ ይህን ያየሁት ግን በኋላ ነው።

በኋላ ስል ከአራት ወር በኋላ። እናቴ ቤት ነበርኩ። እማማ ዶርቃ መጡ። እማማ ዶርቃ ከዚያችው ቀበሌ ሸክላ ተሸክመው የሚመጡ የአሪ ሴት ናቸው፤ እናቴ ከሙሽርነቷ ጀምሮ ድስቷን የምትገዛው ከእሳቸው ነው። እንግዲህ ነውሬን ከጀመርኩ አልደብቅም፤ «እማማ ዶርቃ» የምላቸው ዛሬ ነው። በልጅነቴ ስማቸውን አላውቅም ነበር፤ «ሸክላዋ መጣች» እያልን ነው የኖርነው። ሸክላ ሠሪን ዝቅ አድርጎ ማየት በእኛም ቤት፣ በራሳቸውም አገር ያለ ነው። እማማ ዶርቃ ግን እናቴን «እትዬ» እያሉ፣ እኛን «ልጆቼ» እያሉ አሳድገውናል።

ያን ቀን ሸክላ አልያዙም። ቀኝ እጃቸው በነጠላ ከአንገታቸው ታስሯል።

«ምነው ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ።

«ወደቅሁ፣ እትዬ። ሰባት ድስት ይዤ ወደቅሁ። አንድም አልተረፈ።»

«የት?»

«ዳገቱ ላይ። ድንጋያችን የነበረበት።»

«የነበረበት ማለት?»

እማማ ዶርቃ ወደ እኔ አላዩም። እናቴን ብቻ እያዩ እንዲህ ብለው አስረዷት። እንጨት የተሸከመ ሰው ሲደክመው ይጥለዋል፤ ሸክላ የተሸከመች ሴት አትጥልም። መሬት ላይ ላሳርፍ ብትል አጎንብሳ ማውረድ አትችልም፤ ብታወርድም መልሶ የሚያሸክማት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ወገብ የሚደርስ ነገር ትፈልጋለች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ገመዱን ከደረቷ ሳትፈታ ሸክሙን ታስቀምጥበታለች፣ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ትሄዳለች። በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ አንድ ብቻ ነው። እናታቸው አርፈውበታል፤ የእናታቸውም እናት። ያብለጨለጨው ለዚህ ነው።

«አሁን መንግሥት ወሰደው» አሉ እማማ ዶርቃ። «ሽቦ አጠረበት። ዘበኛው ዕቃ አታስቀምጡ ይላል። እኔ የገደሉን ጠርዝ ተደግፌ ልረፍ ብዬ፣ ጭቃው ከዳኝ።»

እናቴ በቁጣ ጉልበቷን መታች። «ምን ዓይነት ልብ የሌለው ሰው ነው ይህን የሚያደርግ? ለሴቶች ማረፊያ ሽቦ? አንቺ እዚያ አይደለሽም እንዴ የምትሠሪው? የማን ሥራ ነው ይሄ?»

አሁን እማማ ዶርቃ ወደ እኔ ዞሩ። ቃሌን ጠበቁ። እኔም አፌን ከፈትኩና፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለውን ቃል ተናገርኩ።

«ይጣራል» አልኩ።

ይጣራል! ሰባት ድስትና አንድ የእጅ አንጓ የሰበረ ሰው ቆሞ «ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ አንድ ቃል መረጥኩ። ለሸክላ ሠሪ የቀኝ አንጓ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም፤ የእማማ ዶርቃ እጅ በወጌሻ ታሽቶ ድኗል፤ ግን ጠምዘዝ ብሎ ነው የዳነው። ከዚያ ወዲህ ትልቅ እንስራ አይሠሩም።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ድንጋዩ ከመዝገብ ይሰረዝ፣ አጥሩም ይነሣ አልኩ።

«በምን ምክንያት?»

«ታሪኩ ስሕተት ነው።»

«የማን ስሕተት?»

«የእኔ።»

«ያንቺ የሚባል የለም፤ ማኅተሙ የጽሕፈት ቤቱ ነው» አለና ፊቱን አኮሳተረ። «ደግሞ የተመዘገበ ሳይት እንዲሁ አይሰረዝም። ጥናት ያስፈልገዋል።»

«ጥናቱን ማን ያጠናል?»

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

«የመጀመሪያውንም እኮ ያጠናሁት እኔ ነኝ!»

«ጥሩ ነዋ፣ ልምድ አለሽ» አለኝ።

ቅጹን አውጥቼ አገላበጥኩት። የመስህቡ ስም፣ ዕድሜ፣ ፋይዳ፣ ምርመራ። «ውሸት ነው» የሚል ዓምድ የለውም። ያሰመረውም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ አላሰበም መሰለኝ።

ጥናት ካስፈለገ ሽማግሌዎቹ ይመስክሩ አልኩና በዚያው ሳምንት ወደ ቀበሌዋ ወጣሁ። በእግሬ አይደለም፤ በሞተር ሳይክል ተጭኜ። ጋሽ ዛብሎንን እንሰታቸው መሐል አገኘኋቸው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ቅጹን፣ ዝናቡን፣ ዐሥር ሰዓትን። ጨርሼ መሬት መሬት ሳይ ጋሽ ዛብሎን መሳቅ ጀመሩ።

«እናውቃለን እኮ» አሉ።

«ታዲያ ምረቃው ላይ ያን ሁሉ ለምን ተናገሩ?»

«አንቺ ልጅ፣ ባቢ አልነበረንም እንዴ? ነበረን። የሚፈርድበት ቦታ አልነበረውም? ነበረው። የተናገርኩት የዚያን ነው፤ ፊቱን ያዞረበት፣ ከሳሽ የቆመበት፣ ሁሉም እውነት ነው። ቦታው ግን ሌላ ነው። የትም ይሁን። ለማንም አሳይተን አናውቅም። እናንተ መጥታችሁ የሴቶቹ ማረፊያ ላይ ሽቦ ስታጥሩ፣ ሽማግሌዎች ተያይተን ‘ተመስገን፣ ዋናው ተረፈ’ አልን።»

እንግዲህ አስቡት። እኔ አታለልኳቸው ብዬ ስጸጸት፣ እነሱ በእኔ ውሸት እውነታቸውን ሸሽገዋል። ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር የወረደልኝ መሰለኝ፤ ትንሽ ሳቅሁም። ሳቄ ግን አልዘለቀም።

«ሴቶቹስ?» አልኳቸው።

ጋሽ ዛብሎን ከእንሰቱ የደረቀ ቅጠል ቀነጠሱ።

«ሴቶቹን የጠየቀ የለም» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም አልጠየቅሽ፣ እኛም አልጠየቅን።»

«እንግዲያው ይመስክሩልኝና ይነሣ።»

«ስትጽፊው አልጠየቅሽን፤ አሁን ስታፈርሺው ጠየቅሽን። ይሁን፣ እሱም አንድ ነገር ነው። ግን እዚያ ሰሌዳ ላይ በመንግሥት ቀለም ‘ፍርድ’ ብሎ የተጻፈው ስለ እኛ ነው። ከዚያ በፊት ስለ እኛ የተጻፈ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ያን ሰሌዳ ‘ውሸት ነው’ ብዬ ጣቴን ቀለም ነክሬ አልፈርምበትም፣ ልጄ።»

ተነሥቼ ሞተሩ ላይ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለኃላፊያችን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተባለ። እሱ ተዛወረ፤ ለአዲሱም ጻፍኩ፤ እሱም ፋይሉን ከፍቶ «እንዴ፣ ይሄ እኮ ምርጡ ሳይታችን ነው!» አለኝ። የጉድ ነው። ባዶ የነበረችው ቀበሌ ከሁሉ በላይ ሆና አረፈች። እኔ ደግሞ ባለሙያ ሆኜ ቀጠልኩ። ልለቅ አስቤ ነበር፤ አልለቀቅሁም። ይህንንም ጻፉልኝ።

አንድ ቅዳሜ ግን ማለዳ ተነሥቼ፣ በአሮጌ ጫማ፣ በእግሬ ወደ ላይ ወጣሁ። እማማ ዶርቃን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሸክላቸውን ሲያስሩ ደረስኩባቸው። በጠማማው እጃቸው የሠሯቸው ትንንሽ ድስቶች ናቸው።

«ዛሬ እኔ ልሸከምልዎት» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጎረቤቶቻቸው በአሪኛ ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ ሳቁ ግን ትርጉም አያስፈልገውም። እማማ ዶርቃ ሳይስቁ አራቱን ድስት ብቻ ለይተው ጀርባዬ ላይ አሰሩልኝ፣ ገመዱን በደረቴ አሳለፉ፣ ቀሪውን ራሳቸው ተሸከሙ። ወረድን።

ሰው ስለ ሸክም ብዙ ይናገራል፤ የሚናገረው የማይሸከመው ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገመዱ ደረቴን ቆረጠኝ። ግማሽ ሰዓት ላይ ስለ ቅርስ ማሰብ አቆምኩ። ሽቦው ጋ ስንደርስ ቆምኩ። የእኔ ድንጋይ፣ አናቱ አቧራ ለብሶ ማብለጭለጩን ትቷል። ሰሌዳው ፊት ለፊቴ ነው፤ ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው። የእጅ ጽሕፈቴን ያህል አውቀዋለሁ። በሕይወቴ የጻፍኩት ነገር እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

«ሂጂ፣ አትቁሚ፤ ከቆምሽ ይከብዳል» አሉ ከኋላዬ።

ሄድኩ። መታጠፊያውን አልፈን መንገዱ ከተመልካች ሲሰወር እማማ ዶርቃ ክንዴን ያዙና ወደ ቁጥቋጦው ውስጥ መሩኝ። እዚያ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ አለ። አዲስ የመጣ ድንጋይ ነው፤ ሥሩ በትንንሽ ጠጠር ተደግፏል፤ አናቱ ገና ሻካራ ነው።

«ዙሪ፤ ጀርባሽን ስጪው» አሉኝ።

ሰጠሁት። ሸክሙ ሲያርፍ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። እማማ ዶርቃም ከጎኔ አሳረፉ። ትከሻ ለትከሻ ቆመን ተነፈስን።

«ሴቶች ሆነን ነው ያመጣነው» አሉ። «ሁለት ቀን ፈጀብን። ወንዶቹም አያውቁም።»

በዚያው ትንፋሽ አወጣሁት። «እማማ ዶርቃ፣ የዚያኛውን ድንጋይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሪባን ሲቆረጥ መቀሱን የያዝሽው አንቺ አይደለሽም? እኔ ከኋላ ነበርኩ። እጄ ሲሰበር እናትሽ ቤት የመጣሁት ለምን ይመስልሻል? ሸክላ አልያዝኩ፣ ምን ልሸጥ? ላሳይሽ ነው የመጣሁት። ካየችው ትነግረናለች ብዬ። አንቺ ግን ‘ይጣራል’ አልሽ» አሉ።

ገመዳቸውን ማጥበቅ ጀመሩ። ቀና ከማለታቸው በፊት ግን ያን ጠማማ እጃቸውን አዲሱ ድንጋይ ላይ አሳረፉና፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ።»

«ይሄንን አትጻፊው።»

እንግዲህ ይኸው ጻፍሽው ልትሉኝ ነው። ልክ ናችሁ፤ ለዚህም ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። «መንገዱን ካልነገርሽ ይሁን» ብለውኛል። ስለዚህ የትኛዋ ቀበሌ እንደሆነች፣ የትኛው መታጠፊያ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከጂንካ ወደ ላይ መንገዱ ብዙ ነው፤ መታጠፊያውም ብዙ ነው። ሰሌዳው ያለበትን ድንጋይ ግን ማየት ከፈለጋችሁ እዩት፤ ያ ምንም የለበትም።

ቅጹ ዛሬም በየዓመቱ ይመጣል። አሁን አንድ ዓምድ ተጨምሮበታል፤ «በዓመቱ አዲስ የተገኘ መስህብ» ይላል። ያቺ ቀበሌ ላይ ስደርስ ዐሥር ሰዓት እስኪደርስ አልጠብቅም፤ ጠዋቱን «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ይህም ውሸት ነው።

ይህኛውን ግን አስፈቅጄ ነው የዋሸሁት።